ያልታጠበ ሽንብራ

ካርቱም፣ ጀሪፍ
ታኅሣሥ 12 ቀን 2015 ዓ.ም.

ወሰንየለሽ፣

ለማንም ነግሬው የማላውቀውን ነገር ነው የምጽፍልሽ። የጀሪፍን ንቦች የገደልኳቸው እኔ ነኝ። ረሺድ አልነካቸውም።

ሰላምታውን ወደ ታች አውርጄዋለሁ፤ አትቀየሚኝ። ካስቀደምኩት ጤናሽን፣ ልጆቹን፣ ከብቱን ስጠይቅ ወረቀቱ ያልቅና ይህን ሳልጽፍ እቀራለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲያ ሳደርግ ኖሬያለሁ። በስልክ ልንገርሽ ብዬም ሁለቴ ደውዬ ስለ ዝናቡ አውርተን ዘጋን።

አንቺ የጠየቅሽኝ ሌላ ነበር። ሰባቱም ቀፎሽ በአንድ ሳምንት ማለቁን፣ ጎረቤትሽ ጀምበሬ ጓያው ላይ መድኃኒት ሲረጭ መታየቱን፣ ለአስተርዮ ማርያም ማግስት ሽማግሌ መቀጠሩን ነግረሽኛል። «ጀምበሬ ታቦት ፊት ቆሞ ይማልልኝ እላለሁ። ቢምልም አላምነውም፤ ወንድሜም የረሺድን መሐላ አላመነም። እሱ በምን እንዳወቀ ጻፊልኝ፤ ሽማግሌዎቹ ፊት አስነብበዋለሁ» ብለሻል። ወሰኔ፣ የወንድምሽ፣ የባሌ የገብረየስ ታሪክ ለምስክርነት አይሆንም። ተሳስቶ ነበር። መሳሳቱን የማውቀው ደግሞ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ቦታውን ልንገርሽ፤ አንቺ መጥተሽ አላየሽውም። ያኔ ጀሪፍ እንዳሁኑ ቤት በቤት አልነበረም። ከጡብ ማቃጠያዎቹ ወዲህ እስከ ዓባይ ዳር አትክልት ነበር። እኛ በረሺድ ጀነይና ጥግ በአንዲት ክፍል እንኖራለን፤ ጀነይና የሚሉት የአትክልት ቦታውን ነው። ገብረየስ ይጠብቃል፣ ያጠጣል። ሎሚ አለ፣ ጓቫ አለ፣ ዳር ዳሩን ሰንጥ የሚሉት ግራር ቆሟል። ገብረየስ የመጀመሪያውን ቀፎ ከሸምበቆና ከእበት ሠርቶ ሲያሳየው ረሺድ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ይህ ቀፎ ነው ወይስ መድፍ?» አለው። ወዲያው ግን መሰላል አመጣና ራሱ ወጥቶ ሰቀለው። በሁለተኛው ዓመት ሎሚው ቅርንጫፉ እስኪሰበር አፈራ። ከዚያ ወዲያ ረሺድ ጠዋት በሩ ላይ ቆሞ «ሠራተኞቼ እንዴት አደሩ?» ሳይል አያልፍም፤ ሠራተኞቼ የሚለው ንቦቹን ነው። ዘጠኝ ቀፎ ደረስን። የሰንጡ ቢጫ አበባ ሲፈነዳ ግቢው በሙሉ ይተማል። እኔ ደጃፌ ላይ ተቀምጬ፣ ከአገር ቤት በርበሬ ተጠቅልሎበት ከመጣ ጋዜጣ ላይ ፊደል እለቅማለሁ። ማንበብ የቻልኩት በዚያ ድምፅ ውስጥ ነው።

ከዚያ የ1993 ግንቦት መጣ። ሙቀቱ አበባውን ሁሉ አረገፈው፤ ንቡ ተራበ። በእናንተ አገር እንደሚደረገው ገብረየስ በሶና የሽንብራ ዱቄት በሰፌድ ይነሰንስላቸው ነበር። በዚያ ሳምንት ለሥራ ገዳሪፍ ሄደ። «እንዳታስርቢያቸው» ብሎኝ ነው የሄደው። በሶው ሲያልቅ ከጆንያው ሽንብራ አወጣሁ። ሽንብራውን ነቀዝ እንዳይበላው ሱቅ ዐረቢ ገበያ ውስጥ አንድ አዟሪ በወረቀት ጠቅልሎ በሸጠልኝ ነጭ ዱቄት ለውሼው ነበር። ለእኛ ሽሮ ሳዘጋጅ ውኃውን አራቴ አምስቴ እየቀያየርኩ አጥበዋለሁ። በዚያ ቀን ውኃ ተቋርጧል። «ለንብ ነው፣ ምን አለበት» ብዬ ሳላጥበው ቆላሁና ወቀጥኩት።

በሦስተኛው ቀን ዘጠኙም ቀፎ ዝም አለ። ከሰፌዱ ሥር ጉንዳኖች ተገልብጠው አየሁ፤ ያኔ ገባኝ። የተረፈውን ዱቄት ቀበርኩት። ገብረየስ ሲመጣ ልነግረው ነበር፤ እሱ ግን ከበር ጀምሮ «ረሺድ ቲማቲሙን ረጭቶብኛል!» እያለ ነው የገባው። ረሺድ መርጫ ከገዛ ገና ወር አልሞላውም ነበር።

በጁዲያ ተቀመጡ፤ የእነሱ ሽምግልና ነው። ረሺድ በቅዱስ መጽሐፋቸው ላይ እጁን አድርጎ «በንቦቹ ሞት እጄ የለበትም» ብሎ ማለ። ገብረየስ «ቲማቲም የሚሸጥ ሰው በሐሰት ቢምል ምን ገዶት» አለ። የተቀመጡት ሰዎች አንገታቸውን ደፉ፤ «እናምንሃለን» ያለው አንድም አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ረሺድ በውሸት የማለ ሰው ተባለ። በሁለት ዓመት ውስጥ ጀነይናውን ለወንድሙ ለዑስማን ትቶ ከሰፈሩ ወጣ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ሻይ እቀዳ ነበር። ሁሉንም ሰምቻለሁ።

ጀምበሬን አላውቀውም። ረጭቶ ገድሎም ይሆናል። ግን በወንድምሽ ታሪክ አትፍረጂበት።

ይህን ልደት ታደርስልሻለች። አል-ማንሺያ ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ናት፤ ለገና አገሯ እየገባች ነው። ጤናሽ እንዴት ነው? ልጆቹስ?

ወይንሸት

*

ፎገራ
ታኅሣሥ 30 ቀን 2015 ዓ.ም.

እትዬ ወይንሸት፣

እንደምን ሰነበትሽ ልበል እንጂ እኔስ ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ወዲህ አልሰነበትኩም። የምትጽፈው ልጄ ፀደይ ናት፤ የምናገረው እኔ ነኝ። ያነበበችልኝም እሷው ናት። ገና ከመጀመሪያው መስመር ላይ ቆመችና «እማ፣ ልቀጥል?» አለችኝ።

ወንድሜ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው። መልስ የሚሰጥበት አፍ የለውም። በቁሙ ሳለ ይህን ብትነግሪው ምን ነበረበት? እዚህ መጥተሽ ተዝካሩ ላይ እንደዚያ መሬት ለመሬት ስትንከባለዪ ለእሱ ነው ያለቀስሽው ወይስ ለሽንብራሽ? ፀደይ ይህን አልጽፍም ብላ ነበር፤ ጻፊ አልኳት።

ይባስ ብለሽ ከካርቱም ሆነሽ ለጀምበሬ ጠበቃ ቆምሽለት። አታውቂውማ! ቅዳሜ ገበያ መሀል «ወይዘሮ ወሰንየለሽ፣ ንቦችሽ እኔ ጓያ ላይ ምን ሊሠሩ ይመጣሉ? መታወቂያ አላቸው?» ብሎ አገር አሳቀብኝ። ሰባት ቀፎ ነው ያለቀብኝ። ከአባቴ እጅ የወረደ ንብ ነው። በግቢዬ የሞላው ዝምታ ሳይበቃኝ ሳቅ ጨመረበት።

እንዲህ ብልም እንቅልፍ ነስተሽኛል። ማሩን ከቆረጥን በኋላ እኔም በሶ ሰጥቻቸዋለሁ። ገብሱ የጎተራ ነው፤ ጎተራው ውስጥ ደግሞ የነቀዝ መድኃኒት አለ። አጥበነዋል፣ አላጠብነውም፣ እኔና ፀደይ እስካሁን እየተጨቃጨቅን ነው። ቀጠሮው ጥር 22 ነው። የእኔ እጅ ይሁን የሱ፣ የሚለይበት ነገር ካለ ንገሪኝ። ከሌለም የለም በዪኝ።

ሾፌሩ ምንዳዬ መተማ ድረስ ይመላለሳል፤ መልሱን ለእሱ ላኪው።

ወሰንየለሽ

*

ካርቱም
ጥር 8 ቀን 2015 ዓ.ም.

እህቴ ወሰኔ፣

የተዝካሩን ጠይቀሽኛል። ለሁለቱም ነው ያለቀስኩት።

በምንዳዬ አፍ የላክሽውም ደርሶኛል። ገብረየስ ታሞ በተኛበት አርባ ቀን ለምን አልነገርሽውም ብለሻል። አንድ ቀን ልነግረው አጠገቡ ተቀመጥኩ። እሱም እጄን ያዘና «ወይንሸት፣ የሰንጡ አበባ ሽታ ይመጣብኛል» አለኝ። ሌላ ነገር መናገር አልሆነልኝም።

አሁን ለጥያቄሽ። ያ ነገር ከደረሰ ወዲህ ስለ ንብ የተጻፈ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ኖሬያለሁ። ሽፋኑ የተገነጠለ የግብርና መጽሐፍ አለኝ፤ የተማርኩትን ከእሱና በዓይኔ ካየሁት ደምሬ ነው የምነግርሽ። ማሳ ላይ የተረጨ መድኃኒት አስቀድሞ የሚመታው ለቀሰም የወጡትን ነው። ብዙዎቹ አበባው ላይ ይቀራሉ። መመለስ የቻሉት ቀፎው ደጅ ይወድቃሉ፤ እንደ ሰከረ ሰው ይዞራሉ፣ ምላሳቸው ወጥቶ ይቀራል። በምግብ የገባ መርዝ ግን ከውስጥ ይጀምራል። ሞግዚቶቹ ንቦች ዱቄቱን ይዘው ይገባሉ፣ እጮቹም ከነሞግዚቶቻቸው ያልቃሉ። ገብረየስ ቀፎውን ሲሰነጥቀው የማሩ እንጀራ ላይ እጮቹ ጠቁረው፣ ንቦቹ እላያቸው ላይ ሞተው አይቻለሁ። ደጅ የወደቀ ጥቂት ነበር። እሱም አይቷል፤ ንዴቱ ልብ እንዲለው አልፈቀደለትም እንጂ።

ቀፎዎቹን ካልጠረግሽ ሽማግሌዎቹን ይዘሽ ክፈቻቸው። ብቻሽን አትክፈቺ፤ ሌላ ዓይን ይኑር። እጭ ጠባቂ ሲያጣ በብርድም ይሞታልና በእጩ ብቻ አትወስኚ፤ የወደቁት የት እንደወደቁ እዪ። በሶው ተርፎ ከሆነ ጉንዳን መንገድ ላይ አስቀምጪው። በልተውት በሰላም ከሄዱ የአንቺ እጅ ንጹሕ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ንቡ ካለቀ በኋላ በነበረው ክረምት የረሺድ ሀብሐብ አበባ ብቻ ሆነ። የያዘውም ፍሬ ጠማማ ነበር። አንድ ጠዋት በዶሮ ላባ ከአንዱ አበባ ወደ ሌላው ሲነካካ አየሁት፤ ጎንበስ ብሎ፣ የንብ ሥራ ሲሠራ። ሲያየኝ ላባውን እጅጌው ውስጥ ደበቀ። ከዚያ ሰፈር ሰው ሁሉ ንቦቹ እንዲሞቱ ከቶ የማይፈልግ እሱ ነበር። ይህን ያን ቀን ለጁዲያው ብናገር ይበቃ ነበር።

ፀደይን ሳሚልኝ። ደብዳቤዋን አይቼ የእጅ ጽሑፏ እንደ አባቷ ውብ ነው አልኩ።

ወይንሸት

*

ፎገራ
ጥር 26 ቀን 2015 ዓ.ም.

እትዬ ወይንሸት፣

ከፈትናቸው። ሦስቱ ሽማግሌዎች፣ ጀምበሬ፣ እኔና ፀደይ ቆመን። ፀደይ አንዷን ጉንዳን ከበሶው እስከ ጉድጓዷ ድረስ ስትከተላት ዋለች፤ ደኅና ገባች። ከቀፎው ሥር ግን ሣሩ አይታይም፤ የንብ ሬሳ ለብሷል፣ ምላስ ምላሳቸው ወጥቷል። ከዚያ ጓያው ድረስ መንገዱን በሬሳ መከተል ይቻላል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ባርኔጣውን አወለቀ።

እኔ እንግዲህ ይማልልኝ ልል አፌን ስከፍት ጀምበሬ ቀደመኝ። «አልምልም፤ ረጭቻለሁ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው የረጨሁት። የሸጠልኝ ሰው ትል ብቻ ነው የሚገድል አለኝ። ንብ አበባው ላይ ነበረ ወይ ካላችሁኝ፣ ነበረ፤ ሞልቶ» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ዱባዬ ለምን እንደሚጨነግፍ አሁን ገባኝ» አለ። እኔም አልማርኩትም፤ «አንተ፣ መታወቂያ ስትጠይቅ ያባረርከው ዱባ አርቢህን ነው» አልኩት። ሽማግሌዎቹ ሳቁ፤ እሱም ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ እንዲያውም አለቀስኩ።

የተስማማነው ይህ ነው። አበባ ላይ እያለ አይረጭም። የግድ ከሆነበት ጀንበር ጠልቃ ንቡ ከገባ በኋላ ይረጫል፤ በዋዜማው ለባለ ንብ ሁሉ ይልካል፣ እኛም ቀፎአችንን እንዘጋለን። ሌሎቹም ባለ ጓያዎች እንዲገቡበት ሽማግሌዎቹ ይዘውታል። ሁለት ቀፎ ሙሉ ንብ ከአክስቴ ልጅ ላመጣ ነው። ማን ይሸከምልኛል ስል ጀምበሬ «እኔ» አለ።

እትዬ፣ አንቺ ባትጽፊ እኔ በጥርጣሬ ነበር የምገባው፤ እሱም እልህ ይዞት ይምል ነበር። በእውነት ነው የምልሽ፣ ይምል ነበር። ጀምበሬ ያደረገውን አደረግኩ ብሎ በመንደሩ ቀረ። ያ ሱዳናዊ ግን ያላደረገውን አላደረግኩም ብሎ ከሰፈሩ ወጣ። ይህን ሳስብ እህል ከአፌ ይወድቃል።

በሕይወት ካለ ፈልጊው። እሱን ሳታገኚ ደግሞ አትጻፊልኝ።

ወሰንየለሽ

*

ካርቱም
የካቲት 20 ቀን 2015 ዓ.ም.

እህቴ፣

አትጻፊ ብለሽኝ እጽፋለሁ። አላገኘሁትም፤ ያለበትን ግን አውቄያለሁ።

አስቀድሜ ወደ ጀነይናው ሄድኩ። ከእኔ ቤት ሃያ ደቂቃ በእግር ነው፤ ስንት ዓመት በሌላ መንገድ ስዞር ኖሬአለሁ። ሦስት ፎቅ ቤቶች ቆመውበታል። ከሎሚዎቹ አንዱ ከአንድ ግንብ ጀርባ ቀርቶ አየሁት፤ አበባው እግሬ ሥር ረግፎ ነበር፣ ፍሬ አልያዘም። ወደ ወንዙ ጥቂት የባሚያና የቲማቲም መደብ አለ። አንድ ጎልማሳ መርጫ ተሸክሞ ፊቱን በሻሽ ሸፍኖ እየረጨ ነበር። «አኺ፣ ንብ ይመጣል እዚህ?» አልኩት። «ምን ንብ፣ ኻልቲ? እኔ ንብ ያየሁት በልጅነቴ ነው» አለኝ። አኺ ወንድሜ፣ ኻልቲ አክስቴ ማለት ነው። ቆሜ ብዙ አዳመጥኩ። የመርጫው ድምፅ ብቻ ነው።

ረሺድ ኦምዱርማን፣ ልጁ ናስራ ዘንድ ነው። እሷ አስተማሪ ሆናለች። ቁጥሯን ከጎረቤት አግኝቼ ደወልኩ። ስሜን ስነግራት «አባቴ በዚህ ቤት የሐበሻ ስም አያስጠራም» ብላ ዘጋችው። ሁለት ቀን ሃፍላ የሚሉትን አውቶቡስ ተሳፍሬ ድልድዩን ሳልሻገር ሱቅ ዐረቢ ወረድኩ። አንድ ቀን ቲማቲም ገዝቼ ተመለስኩ። ቲማቲም አላስፈለገኝም ነበር።

የምፈራው ቁጣውን አይደለም። ለእሱ ብቻ ነግሬ መውጣት እንደማይበቃ አውቃለሁ። መሐላውን የሰሙት ሌሎች ናቸው። እነሱ ፊት ከቀረብኩ ደግሞ የገብረየስ ስም አብሮኝ ይቀርባል፤ የሰውን መሐላ ረግጦ የሞተ ሰው ይባላል። ሬሳው እዚሁ ነው ያረፈው። ለእኔ ባሌ ነው፤ ለአንቺ ደምሽ ነው። ያላንቺ ፈቃድ አላደርገውም።

ወይንሸት

*

ካርቱም
መጋቢት 24 ቀን 2015 ዓ.ም.

እህቴ ወሰንየለሽ፣

ሰላምታዬን ዛሬ አስቀድማለሁ። እንደምን ከረምሽ? አዲሶቹ ንቦች ለመዱ? ጾሙስ እንዴት ይዞሻል?

ፈቃድሽ ደርሶኛል። የጻፍሽው ሁለት መስመር ብቻ ነበርና በቃሌ ይዤዋለሁ፤ «እነሱ ፊት ተናገሪ። ወንድሜን እወደዋለሁ፤ ምላሱ ግን ሰው እንደሚያቆስል አንቺም ታውቂያለሽ?» ለሁለተኛው መስመር መልሴ አዎ ነው፤ እኔም እወደው ነበር፤ ምላሱንም አውቀዋለሁ።

ሳልደውል ሄድኩ። ናስራ በሩን ከፍታ እንዳየችኝ ዐወቀችኝ፤ ልጅ ሳለች ጸጉሯን እጎነጉንላት ነበር። «ተመለሺ» ልትል እንደነበር ያስታውቃል። ከግቢው ውስጥ «ማነው?» የሚል ድምፅ መጣ፤ ያው ድምፅ ነው፣ ትንሽ ተሰንጥቋል። እሱ ረመዳን ላይ ነው፣ እኔ ሁዳዴ ላይ ነኝ፤ ማንም ለማንም ውኃ እንኳ ሳያቀርብ ተቀመጥን። ዓይኑ ደክሟል። አቅጣጫዬን በጆሮው ፈልጎ «ሃያ ሁለት ዓመት፣ አንቺ ሐበሺያ! ከጀሪፍ ኦምዱርማን ሃፍላ ጠፍቶ ነው?» አለኝ።

ነገርኩት። ሽንብራውን፣ ዱቄቱን፣ የውኃውን መቋረጥ፣ ጉንዳኖቹን፣ ሻይ እየቀዳሁ ዝም ማለቴን። ናስራ በመሀል ተነስታ ወደ ቤት ገባች። እሱ አልተቆጣም። ወሰኔ፣ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ከዚያ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ረጭቼ ነበር» አለኝ። «ስምል እጄ እንደሌለበት እርግጠኛ ነበርኩ። ሁሉም ሲጠራጠረኝ ግን እኔም ራሴን መጠርጠር ጀመርኩ። ምናልባት ቅጠሉ ላይ የቀረው ይሆን? ምናልባት እኔ ሳላውቅ? በአላህ መጽሐፍ በሐሰት ምዬ ይሆን? ሰው አለማመኑን ቻልኩት። በየስግደቱ ግን ይህን ስጠይቅ ሃያ ሁለት ዓመት ሞላኝ።»

እኔ የወሰድኩበት ስሙን ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ይቅርታ ለመንኩት። «ወላሂ፣ አሁን አትጠይቂኝ» አለ። «መጀመሪያ የሰሙት ይስሙ። ከዚያ ኢንሻላህ ትጠይቂኛለሽ፤ በሕይወት ካለሁ እመልስልሻለሁ።» በአፌ ልሂድና ልንገራቸው ስል ናስራ ከበሩ ላይ ሆና ተናገረች። «በአፍማ ታሳምሪዋለሽ። የጻፍሽው ነገር አለ?» አለችኝ። አለ አልኳት። «ሳታስተካክዪ አምጪው። ቃል በቃል እየተረጎምሽ ታነቢልኛለሽ፣ እኔ በዐረብኛ እጽፈዋለሁ» አለች።

በምንዳዬ አፍ ለምኜሽ በእጁ የላክሽልኝ የቀደሙት ደብዳቤዎቼ ትላንት ገቡ። ከእነሱ ጋር የአንቺንም አድርጌያለሁ፣ ስድብሽን ጭምር። አንድም ቃል አልሰረዝኩም። ይህንንም ሁለት አድርጌ ገልብጬዋለሁ፤ አንዱ ለአንቺ ነው፣ አንዱ ከሌሎቹ ጋር ይሄዳል። ናስራ ሦስት ቅጂ ታዘጋጃለች፤ በዚያ ጁዲያ ከተቀመጡት በሕይወት ያሉት ሦስት ናቸውና። አንዱን የጡብ ማቃጠያው ባለቤት ሐጅ እድሪስ ይቀበላል። አንዱን የሰፈሩ ትምህርት ቤት አስተማሪ የነበሩት ኡስታዝ ባቢክር ይቀበላሉ። ሦስተኛውን ደግሞ ያን ቀን ከረሺድ ጎን ተቀምጦ ሳለ ፊቱን ያዞረው ወንድሙ ዑስማን ይቀበላል።

ወይንሸት